የአያትዎ የአበባ ማስቀመጫ ስንት ዓመቱ ነው?

ጥያቄ፦ ከአያቴ የወረስኩት ነጭ የአበባ ማስቀመጫ አለኝ። ዙሪያውን መንሽ የያዘ ጢማም ሰው፣ ጅራታቸው የዓሣ የሆነ ፈረሶችና እርቃናቸውን የሆኑ ሴቶች ጎልተው ተቀርጸውበታል። ከሥሩ ሰማያዊ አክሊልና የላቲኑ «ኤን» ፊደል፣ አጠገቡም «ኢታሊ» የሚል ጽሑፍ አለ። አያቴ በ1933 ዓ.ም. ከአገር ከሚወጣ ጣሊያናዊ ገዛሁት ይሉ ነበር። አንድ ነጋዴ «የናፖሊዮን ዕቃ ነው» አለኝ፤ ጎረቤቴ ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት የተሠራ የግሪክ ሸክላ ነው ይላል። ማንን ልመን? (ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ አያትዎን ይመኑ።

ጎረቤትዎን ያሳሳተው ሥዕሉ ነው። መንሽ ያዡ ግሪኮች ፖሲዶን፣ ሮማውያን ኔፕቱን የሚሉት የባሕር አምላክ ነው። ይሁን እንጂ አውሮፓውያን እነዚህን አማልክት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲደጋግሙ ስለኖሩ፣ ከሥዕሉ ዕድሜ አይገኝም። ጭቃውን ይመልከቱ። የጥንት ግሪኮች ሥዕል የሣሉበት ዕቃ በአብዛኛው ቀይ ሸክላ ነው። የእርስዎ ግን ነጭ ነው፤ የስልክዎን መብራት ከውስጥ ሲያበሩበት ሳሳ ባለው ቦታ ብርሃን ካሳለፈ ፖርሴሊን፣ ማለትም በከፍተኛ ሙቀት የተተኮሰ ነጭ ሸክላ ነው። አውሮፓ ውስጥ ጠንካራ ፖርሴሊን ያመረተው የመጀመሪያው ፋብሪካ ጀርመን ማይሰን ላይ የተቋቋመው በ1710 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወደኋላ መሄድ አያስፈልግም።

አክሊሉና «ኤን» የኢጣሊያዋ የኔፕልስ ከተማ ምልክት እንጂ የናፖሊዮን አይደለም። የከተማዋ ንጉሣዊ የፖርሴሊን ፋብሪካ ከ1771 እ.ኤ.አ. በኋላ ተጠቅሞበታል። ችግሩ፣ ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ በኢጣሊያም በጀርመንም ያሉ ብዙ አምራቾች ያንኑ ምልክት እየቀዱ ዕቃቸው ላይ ማተማቸው ነው። እኔ አክሊል ያለበት «ኤን» ሳይ «ቅጂ ነው» ብዬ እጀምራለሁ፤ ሌላ ማስረጃ ከመጣ ሐሳቤን እቀይራለሁ። ለነጋዴዎች ግን አክሊሉ ብቻ ይበቃል፤ ዋጋ ይጨምርላቸዋላ።

ከአክሊሉ ይልቅ እርስዎ እንደ ዋዛ የጠቀሱት «ኢታሊ» የሚለው ቃል ይበልጣል። አሜሪካ በ1890 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የታሪፍ ሕግ ምክንያት ከ1891 ጀምሮ ወደዚያ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት ግድ ሆነ፤ የአውሮፓ ፋብሪካዎችም የአገራቸውን ስም መጻፍ አዘወተሩ። አንድ ዕቃ በላዩ ካለው ከታናሹ ምልክት አያረጅምና፣ የእርስዎ ከ1891 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠራ ይመስለኛል። የአያትዎ ቃል ደግሞ ወዲያኛውን ጫፍ ይዘጋዋል፤ 1933 ዓ.ም. ማለት 1941 እ.ኤ.አ. ነው። ጽሑፉ በልባሱ (በዕቃው ላይ ባለው አንጸባራቂ ሽፋን) ሥር መሆኑን በጥፍርዎ ይሞክሩ። ከላይ የተለጠፈ ወይም የሚፋቅ ከሆነ ይህ ስሌት ይፈርሳል።

በእነዚያ 50 ዓመታት ውስጥ ለማጥበብ አጉሊ መነጽር ይያዙ። ቀለሙ ከጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሠራ ከሆነ የታተመ ነው፤ የብሩሽ ጭረት ከታየ በእጅ የተቀባ ነው። እጅዎን ወደ ውስጥ ይስደዱ። ከውጭ ምስሉ በጎላበት ቦታ ከውስጥ ጎድጎድ ካለ፣ ፈሳሽ ጭቃ ፎርማ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ የፋብሪካ ሥራ ነው። ውስጡ ደልዳላ ሆኖ የጣት አሻራ ካለበት ጭቃው በእጅ ተጭኖ የተሠራ ነው፤ ያኔ ዕቃው ከጠበቅነው የተሻለ ነው ማለት ነው። የእግሩን ጠርዝም ይዩ። በዕድሜ የመጣ ጭረት ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይሄዳል፤ በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀ ግን ጭረቱ ጎን ለጎን ይሰለፋል።

ከመሸጥዎ በፊት ሐሰተኛ ብር የሚለዩበትን ሐምራዊ መብራት ከአንድ ባለሱቅ ይዋሱና ማታ ጨለማ ክፍል ውስጥ ያብሩበት። በሙጫና በቀለም የተጠገነ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ከቀረው ገላው ተለይቶ ይታያል። በተለይ የፈረሶቹን እግርና የሴቶቹን ጣቶች ይፈትሹ፤ መጀመሪያ የሚሰበሩት እነሱ ናቸው።

በረኪናና ሎሚ እንዳያስነኩት። ወርቁንና ከልባሱ በላይ ያለውን ቀለም ይበሉታል። ለብ ያለ ውኃ፣ ጥቂት ለስላሳ ሳሙናና እንጨት ላይ የተጠቀለለ ጥጥ ይበቃል፤ የተጠገነ ቦታ ካገኙ ግን ውኃ ውስጥ አይዘፍዝፉት። የወደቀ ሽራፊ ካለዎት በወረቀት ጠቅልለው ያስቀምጡልኝ እንጂ በፈጣን ማጣበቂያ አይለጥፉት። ያንን ለማስለቀቅ የሚፈጀው ጊዜ ከጥገናው ይበልጣል።