«ቅባቱን ስተወው ይመለሳል»

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 29 ዓመቴ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በጥበቃ ሥራ እተዳደራለሁ። 24 ሰዓት ገብቼ 24 ሰዓት አርፋለሁ፤ ፈረቃዬ እስኪያልቅ ቡትስ ከእግሬ አይወልቅም። በትንሿ የእግር ጣቴና በጎረቤቷ መሀል ቆዳው ነጥቶ፣ ረጥቦ ይላጣል። ማታ ማታ ማሳከኩ እንቅልፍ ይነሳኛል። ከፋርማሲ ቅባት ገዛሁ፤ በሁለት ቀን ጸጥ አደረገልኝ። ስተወው ግን ብሶበት መጣ፤ አሁን ብሽሽቴ ላይ ሳይቀር ክብ ክብ እየሠራ ወጥቷል። ቱቦው ላይ «ቤታሜታዞን፣ ክሎትሪማዞል፣ ጀንታማይሲን» ይላል። ከጓደኞቼ አንዱ በነጭ ጋዝ እጠበው፣ ሌላው በረኪና ውስጥ ንከረው ይሉኛል። ሽታው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ ጫማ ማውለቅ ስለማፍር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ገብቼ ማስቀደስ ትቻለሁ። ሰሞኑን እናቴ ከገጠር መጥታ እኔ ጋ አርፋለች። ስኳር አለባት፤ ሻወር ስትገባ የኔን ነጠላ ጫማ ነው የምታደርገው። ይጋባባት ይሆን?

መልስ

ወንድሜ፣ ከደብዳቤህ ሁሉ ያሳሰበኝ የእናትህ ነገር ስለሆነ ከእሳቸው ልጀምር። አዎ፣ ይጋባል። ከእግርህ የሚረግፈው ቅርፊት ነጠላ ጫማው፣ ፎጣውና እርጥቡ ወለል ላይ ይቀራል፤ ፈንገሱም አብሮት። ለአንተ ማሳከክ ነው፤ ስኳር ላለበት ሰው ግን የጣት መሀል ስንጥቅ ለባክቴሪያ የተከፈተ በር ነው። ስኳር ሲቆይ እግር ይደነዝዛል፣ የደም ዝውውሩም ይደክማል። ሕመሙ ሳይሰማ ቁስሉ ይሰፋል፤ እግር እስከ መቆረጥ የደረሰ ቁስል አንዳንዴ አነሳሱ ይህችው ስንጥቅ ናት። ዛሬውኑ የራሳቸውን ነጠላ ጫማና ፎጣ ግዛላቸው። ጣታቸውን መሀል መሀሉን በብርሃን አንተ እይላቸው፤ ጎንበስ ብለው ላያዩት ይችላሉ። የተላጠ ወይም የተሰነጠቀ ካገኘህ ምንም ሳትቀባ ወደ ጤና ተቋም ውሰዳቸው። እግራቸው ካበጠ፣ ከቀላና ከጋለ፣ ንፍፊት ከወጣ ወይም ብርድ ብርድ ካላቸው በዚያው ቀን ይታዩ።

አሁን ወደ አንተ። የምትለው ሁሉ ፈንገስ ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ ይህን የሚያመጣው ትራይኮፋይተን ሩብረም ይባላል፤ የጭርት ዘመድ ነው። የሚበላው ኬራቲን የተባለውን የቆዳና የጥፍር ፕሮቲን ሲሆን የሚመቸው ሙቀትና እርጥበት ነው። ቀንና ሌሊት ቡትስ ውስጥ የታፈነ እግር ከዚህ በላይ ምን ያዘጋጅለታል? ንጽሕና ስለጎደለህ አይደለም። እንዲያውም እግሩን ደጋግሞ የሚታጠብ ሰው ጣቱ መሀል ሳይደርቅ ካልሲ ካጠለቀ ይይዘዋል፤ ውዱእ አድርገው ቶሎ ጫማ የሚያጠልቁ ታካሚዎቼን የምመክራቸውም ይህንኑ ነው።

ቅባቱን በተመለከተ ትንሽ ልቆጣ። ቤታሜታዞን ስቴሮይድ ነው። ማሳከኩንና መቅላቱን ያስተኛል እንጂ ፈንገስ አይገድልም፤ የቆዳውን መከላከያ ስለሚያዳክም ፈንገሱ በዝምታ ይስፋፋል። አብሮት ያለው ክሎትሪማዞል ይገድላል፤ ግን በሁለት ቀን አይጨርስም። ጀንታማይሲን ደግሞ የባክቴሪያ መድኃኒት ነው፤ ፈንገስ አይነካም። ብሽሽት ላይ ሲቆይ ደግሞ ስቴሮይዱ ቆዳ ያሳሳል፣ ሸንተረር ያወጣል። እንዲህ ሦስት መድኃኒት ባንድ የያዘ ቱቦ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንደ ማስቲካ መሸጡ ዘወትር ያናድደኛል።

ለእንዲህ ያለው የሚሰጠው ለብቻው የተዘጋጀ የፈንገስ ቅባት ነው። ተርቢናፊን 1 ፐርሰንት ለጣት መሀል ብዙ ጊዜ 1 ሳምንት ይበቃዋል፤ ክሎትሪማዞል እስከ 4 ሳምንት ይፈልጋል። ማሳከኩ ቢተውህም ቀኑን ጨርስ፤ ስትቀባም ከተላጠው ጠርዝ ትንሽ አልፈህ ቀባ። ብሽሽትህን ብቻ ብታክም ከንቱ ልፋት ነው፤ ከእግርህ ተመልሶ ይመጣል። የሚሻገረው እንዴት መሰለህ? ሙታንታ ስትለብስ እግርህን ስታሾልክ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ካልሲ፣ ቀጥሎ ሙታንታ። ሳቅ ካሰኘህ ሳቅ፣ ግን ይሠራል።

ነጭ ጋዝና በረኪና ቆዳ ያቃጥላሉ፤ ሌላ ቁስል አትጨምር። የጥበቃ ሥራህን ተው አልልህም፤ ነገር ግን የምታርፍበት ቀን ቡትሱን ከነውስጥ ሶሉ አውጥተህ ፀሐይ ላይ አስጣው። ፈረቃህ መሀል ላይ የምትቀይረው ደረቅ የጥጥ ካልሲ ያዝ።

ስለ ሽታው፣ ተረከዝህንና የጣቶችህን ሥር ተመልከት። በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች ካሉ እሱ የባክቴሪያ ሥራ ሊሆን ስለሚችል የፈንገስ ቅባት አይነካውም። ጥፍርህም ቢጫ ሆኖ ከወፈረ ቅባት ብቻውን አይበቃውም፤ በሐኪም ትእዛዝ ለወራት የሚዋጥ ኪኒን አለ፣ የጉበት ምርመራም ይጠይቃል።

ብሽሽትህ ድረስ ስለደረሰ የቆዳ ሐኪም ይይህ፤ ቅርፊቱ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነገሩ ይለያል። ስትሄድ ያን ቱቦ ይዘኸው ሂድ፤ ሐኪሙ ምን ስትቀባ እንደቆየህ ማወቅ አለበት።