ፎቶው አልተበላሸም፤ ልዩነቱ ያለው ስክሪኑ ላይ ነው

ወንድሜ፣ ላሊበላ ያነሳኸው የቤተ ጊዮርጊስ ፎቶ ደሴ ባለው ዊንዶውስህ በፎቶሾፕ 100% ስትከፍተው ትልቅና ሻካራ፣ በጓደኛህ ማክቡክ ግን ትንሽና ጥርት ያለ ሆኖብህ «ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆን?» ብለሃል። አይዞህ፣ ደህና ነው።

ፎቶሾፕ ላይ 100% ማለት አንድ የፎቶ ፒክስል (ምስል የሚሠራበት ትንሽ ነጥብ) በአንድ የስክሪን ፒክስል ማለት ነው። በሴንቲሜትር አይለካም። ባለ 24 ኢንች ፉል ኤችዲ ሞኒተር በአንድ ኢንች 92 ያህል ፒክስል አለው። የማክቡክ ሬቲና ስክሪን ደግሞ 220 እና ከዚያ በላይ። ስለዚህ ያው ፎቶ ማኩ ላይ በወርድም በቁመትም ከግማሽ በታች ሆኖ ይታያል። ጉድለቱም አብሮ ይደበቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ የድንጋዩ ሸካራነት ማኩ ላይ ለስላሳ መሰለህና ሻርፕነስ (የምስሉን ጥርት ማለት) ከጨመርክ፣ ሌላው ሰው ስክሪን ላይ ይበዛበታል። ለማመሳከር ማኩን 200% አድርገው።

ዊንዶውስ ላይ ስኬሊንግ (ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ የሚያሳድገው ቅንብር) 125% ወይም 150% ከሆነ ደግሞ አንዳንድ የቆዩ ፕሮግራሞች ይለጠጡና ምስሉ ይደበዝዛል። እሱንም እየው።

ልታሳትመው ከሆነ ዙሙን ተወውና ፒክስሉን ቁጠር። ወርዱ 6000 ፒክስል የሆነ ፎቶ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 50 ሴንቲሜትር ያህል ጥርት ብሎ ይወጣል።