የሞንቴ ብራዚል ምሽግ፦ ጥያቄና መልስ

በፖርቱጋል አዞረስ፣ በቴርሴይራ ደሴት፣ አንግራ ከተማ ጥግ ስላለው የሳኦ ጆአኦ ባፕቲስታ (መጥምቁ ዮሐንስ) ምሽግ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የሠሩት ፖርቱጋሎች ናቸው?

መልስ፦ ስፔኖች ናቸው። የስፔኑ ንጉሥ ዳግማዊ ፊሊፕ በ1580 የፖርቱጋልን ዘውድ ሲጠቀልል ቴርሴይራ አልገዛም ብላ እስከ 1583 ተዋጋች። ግንባታው በ1590ዎቹ መጀመሪያ ተጀመረ፤ ስሙም በንጉሡ ስም ሳኦ ፊሊፔ ነበር።

ጥያቄ፦ የባሕር ምሽግ ከሆነ ዋናው ግንብ ለምን ፊቱን ወደ ከተማው አዞረ?

መልስ፦ ምሽጉን የሚያስረዳው ይኸው ነው። ሞንቴ ብራዚል ባሕር የከበበው የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው፤ ከከተማው የሚያገናኘው ጠባብ የየብስ አንገት ብቻ ነው። መሐንዲሶቹ ያንን አንገት ከዳር እስከ ዳር በወፍራም ግንብ ዘጉት፣ ከፊቱም አለቱን ጠርበው ደረቅ ቦይ አወጡ። በቦዩ ላይ የሚያሻግረው የድንጋይ ድልድይ ነው። ከግንቡ ጎልተው የወጡት ባለማዕዘን ክፍሎች ለጌጥ አይደሉም። ግርጌው ላይ የተለጠፈ ጠላት በቀጥታ ከላይ አይመታም፤ ከጎን ከወጣው ክፍል የሚተኮስ መድፍ ግን ግርጌውን ጠርጎ ያልፋል። አጥሩ ተራራውን ሲዞር 4 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ምሽጉ ከህንድና ከአሜሪካ ሀብት ጭነው አንግራ የሚያርፉትን መርከቦች ይጠብቅ ነበር፤ ያመፀውን ሕዝብም ይይዝ ነበር። ግንቡን ያየ ሰው የኋለኛው ሥራ ትንሽ ቦታ የተሰጠው እንዳልነበረ ይገባዋል።

ጥያቄ፦ ታዲያ በ1642 እንዴት ተያዘ?

መልስ፦ በከበባ። ፖርቱጋል በዲሴምበር 1640 ከስፔን ስትላቀቅ የደሴቱ ሰዎች በማርች 1641 ከበቡት። አንገቱ ጠላትን እንዳያስገባ የተዘጋ ነው፤ ከውጭ ሲዘጋ ደግሞ ስንቅም አያስገባም። በውስጡ ያለው የስፔን ጦር አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ በማርች 1642 እጁን ሰጠ። የዛሬው ስም የወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ እስር ቤትም ነበር ይባላል?

መልስ፦ አዎ። ከዙፋኑ የተገፋው የፖርቱጋል ንጉሥ ስድስተኛ አፎንሶ ከ1669 እስከ 1674 እዚህ ታስሯል። የሞዛምቢኩ ጋዛ መንግሥት የመጨረሻ ንጉሥ ንጉንጉንያኔ በ1896፣ እኛ ዓድዋ ላይ ድል ባደረግንበት ዓመት፣ ተግዞ መጣ። አገሩን ሳያይ በ1906 በደሴቱ ሞተ።

ጥያቄ፦ ዛሬ ይጎበኛል?

መልስ፦ አሁንም የጦር ሰፈር ስለሆነ እንደልብ አይዞሩበትም። ተራራው ግን ክፍት ነው። ወደ ላይ ከወጡ ከባሕሩ ማዶ ሌላውን ምሽግ፣ ሳኦ ሴባስቲያኦን ያያሉ፤ የሁለቱ መድፍ የወደቡን መግቢያ ከግራና ከቀኝ ይዘጋው ነበር።