የስልክ ቫይረስም ፋሚሊ አለው ወይ ላልከው ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። "ባዮሎጂ ላይ የቫይረስ ፋሚሊ እያልን እንማራለን፣ የስልክ ቫይረስስ እንደዛ ፋሚሊ አለው ወይ? ስልኬ ዝም ብሎ ማስታወቂያ ያመጣል፣ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ አንቲቫይረስ ብጭንም አልለቀቀውም" ነው ያልከው። እኔ የምሰራው ላብራቶሪ ነው፣ ዘጠኝ አመት ሊሞላኝ ነው፣ ከስራ ውጪ ደግሞ የዘመዱም የጓደኛውም ስልክ የሚጸዳው እኔ ጋ ስለሆነ ሁለቱንም በእጄ ነክቼ አውቃቸዋለሁና ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

አዎ አለው። ግን ፋሚሊ የሚባለው ነገር፣ ማለትም በዘር የሚቀራረቡትን በአንድ መሰብሰብ፣ ለምን እንደሚጠቅም ካልታየህ ስም መሸምደድ ብቻ ይሆንብሃል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ከኛው ቫይረስ ልጀምር። ሄፓታይተስን ውሰድ። ኤ፣ ቢ፣ ሲ ሲባል የሰማ ሰው የአንድ እናት ልጆች ይመስሉታል፣ ሶስቱም ጉበት ላይ ነው የሚወጡት፣ ሶስቱም አይን ቢጫ ሊያደርጉ ይችላሉ፣ ሰውም የወፍ በሽታ ብሎ በአንድ ስም ይጠራቸዋል። በዘር ግን ሶስቱም የተለያየ ፋሚሊ ናቸው። ኤ ፒኮርናቪሪዴ የሚባል ፋሚሊ ነው፣ የፖሊዮ ዘመድ። ቢ ሄፓድናቪሪዴ ነው። ሲ ደግሞ ፍላቪቪሪዴ፣ የቢጫ ወባና የዴንጊ ዘመድ። ይሄ ደብተር ላይ የሚቀር ልዩነት አይደለም፣ ኤ በተበከለ ምግብና ውሃ ይገባል፣ ታሞ ይለቃል እንጂ ለአመታት ሰውነት ውስጥ አይከርምም። ቢ በደም፣ በግብረ ስጋ፣ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል፣ የዘር መረጃውን በዲኤንኤ መልክ የጉበት ሴል ኒውክለስ (የሴሉ እምብርት) ውስጥ ስለሚያስቀምጥ አሁን ያሉት መድሃኒቶች ያፍኑታል እንጂ ብዙውን ጊዜ ነቅለው አያወጡትም። ሲ ደግሞ በዋናነት በደም ነው የሚመጣው፣ ግን የዘር መረጃው አርኤንኤ (ሌላው የዘር መረጃ አይነት) ነው፣ እንደ ቢ ኒውክለስ ውስጥ የሚደበቅበት ጓዳ የለውም፣ በአሁኑ የሚዋጥ መድሃኒት በ8 ወይ በ12 ሳምንት ከ95 በመቶ በላይ ሰው ይድናል። ክትባት ግን ለኤና ለቢ እንጂ ለሲ የለም። አየህ፣ ምልክቱ አንድ ነው፣ ፋሚሊውን ስታውቅ ነው በየት እንደገባ፣ ይነቀላል ወይስ አይነቀልም፣ ምን ይሰጠው የሚለው የሚመለሰው።

ክፍፍሉ የሚጀምረው ውስጡ ያለው ዲኤንኤ ነው ወይስ አርኤንኤ፣ እንዴትስ ይባዛል ከሚለው ነው፣ ዴቪድ ባልቲሞር የሚባል የቫይረስ ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1971 (ከዚህ በኋላ ያሉትም አመታት በፈረንጆቹ ናቸው) በዚህ መንገድ ቫይረሶችን ከፋፍሏቸዋል፣ አሁን በሰባት ምድብ ነው የምንማረው። ሌላው በጣም የሚጠቅመው ነገር ሽፋን ነው። ኮሮናና ኢንፍሉዌንዛ ፋሚሊያቸው ቢለያይም ሁለቱም ከውጪ የስብ ሽፋን አላቸው፣ ሳሙናና አልኮል ያን ስብ ሲበጥሰው ቫይረሱ አለቀለት። ተቅማጥና ትውከት የሚያመጣው ኖሮቫይረስ ግን ካሊሲቪሪዴ ነው፣ የስብ ሽፋን የለውም፣ የፕሮቲን ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ በአልኮል ብቻ እጅ ማሸት አያስተማምንም፣ በውሃና በሳሙና ጥርግ አርጎ ማጠብ ነው የሚሻለው። አንዱን የገደለ ነገር ሌላውን ይገድላል ማለት አይደለም፣ ይሄን ያዝልኝ፣ ወደ ስልክህ ስንመጣ እፈልገዋለሁ።

አሁን ስልክ። ፍሬድ ኮህን የሚባል የኮምፒውተር ተመራማሪ በ1984 የኮምፒውተር ቫይረስን ሲተነትን ራሱን ሌላ ፕሮግራም ውስጥ እየገለበጠ የሚባዛ ፕሮግራም ነው ብሎ ነው። በዚህ ከሄድን ዛሬ ስልክ ላይ ቫይረስ እያልን ከምንጠራው ውስጥ አብዛኛው ቫይረስ አይደለም። ራሱን አያባዛም፣ ሌላ አፕ መስሎ ይመጣል፣ እኛው ራሳችን እንጭነዋለን፣ እኛው ፐርሚሽን (ፈቃድ) እንሰጠዋለን። ይሄ ትሮጃን ነው የሚባለው። ድሮ በርግጥ ራሱን የሚያስተላልፍ ነበር፣ በ2004 የወጣው ካቢር የሚባለው ሲምቢያን በሚባለው የድሮ ሲስተም የሚሰሩ ስልኮች ላይ በብሉቱዝ ነበር የሚተላለፈው፣ አጠገብህ ያለ ብሉቱዙን የከፈተ ስልክ እየፈለገ ራሱን ይልካል፣ ያም ሆኖ ተቀባዩ እሺ ካላለ አይገባም ነበር፣ ሌት ተቀን ብሉቱዝ ስለሚፈልግ ደግሞ ባትሪ ይጨርሳል። በቀጣዩ አመት ኮምዋሪየር መጣ፣ እሱ በኤምኤምኤስም (ፎቶና ፋይል በሚላክበት የስልክ መልእክት) ይሄዳል። እንደዚህ አይነቱ ዎርም ነው፣ ዛሬ ብዙ አታገኘውም።

ፋሚሊ ሲባል ስልክ ላይ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው በስራው ነው፣ ማስታወቂያ የሚያወጣው አድዌር፣ ተደብቆ የሚሰልለው ስፓይዌር፣ የባንክ ትሮጃን፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ራንሰምዌር እያልክ። ሁለተኛው በዘር ነው፣ ከአንድ ኮድ የተወለዱ፣ ስማቸውንና አይኮናቸውን ብቻ የቀያየሩ ይሰበሰቡና አንድ የፋሚሊ ስም ይሰጣቸዋል። ፍሉቦት የዚህ ምሳሌ ነው፣ በ2020 መጨረሻ አካባቢ ታየ፣ እቃ ተልኮልሃል በሚል ኤስኤምኤስ ነበር የሚመጣው፣ ሊንኩን ነክተህ አፑን ከጫንከው ኮንታክትህን ይወስድና ለሌላ ሰው ደግሞ ተመሳሳይ መልእክት ይላካል፣ ስሙን ከጉንፋን ያገኘው እንደዛ በፍጥነት ስለሚሰራጭ ነው። ከሁሉም ያስገረመኝ በኋላ ላይ የላኩት መልእክት ነው፣ "ስልክዎ ፍሉቦት ገብቶበታል፣ ለማጥፋት ይህን የሴኪዩሪቲ አፕዴት ይጫኑ" ይላል፣ የሚጫነው ራሱ ፍሉቦት። በ2022 ዩሮፖል (የአውሮፓ ህብረት የፖሊስ ተቋም) ያስተባበራቸው የ11 አገር ፖሊሶች ናቸው መረቡን የበጠሱት።

ፍሉቦት ይሁን ሌላ አላውቅም እንጂ የዛ አይነት ነገር የእናቴ ታናሽ እህት ስልክ ላይ አግኝቻለሁ። ባትሪው ግማሽ ቀን አይቆይም፣ ይሞቃል፣ እሷ ያረጀ ነው የመሰላት። ሴቲንግ ገብቼ አፖች የሚለውን ስነካ ብልጭ ይልና ይዘጋል። እንደገና፣ ይዘጋል። ሶስተኛ ስሞክር ፈጠን ብዬ አንዱን አፕ ከፈትኩትና አጥፋ የሚለውን ልጫን ስል እኔ ሳልነካው ወደ ኋላ ተመለሰ። እዚህ ጋ ነው የገባኝ፣ አክሰሰቢሊቲ ተሰጥቶታል ማለት ነው። አክሰሰቢሊቲ ማየት ወይም እጃቸውን እንደልብ ማንቀሳቀስ ለማይችሉ ሰዎች የተሰራ በጣም ጥሩ ነገር ነው፣ ግን እሱን ያገኘ አፕ ስክሪን ላይ የተጻፈውን ያነባል፣ ባንተ ፋንታ በተን ይጫናል፣ የባንክ ትሮጃኖች መጀመሪያ የሚለምኑህ እሱን ነው። ወዲያው ሲሟን አውጥቼ ዋይፋዩን አጠፋሁ፣ ከዛ ማጥፊያውን ተጭኜ ቆየሁና ፓወር ኦፍ የሚለው ሲመጣ እሱን ራሱን ጫን አድርጌ ይዤ በሴፍ ሞድ አስነሳሁት። በሴፍ ሞድ ከውጪ የተጫኑ አፖች አይነሱም። አሁን ሴቲንግ አልተዘጋም። ጥርስ ያለው ጎማ (እንደ ሴቲንግ ምልክት) አይኮን ያለው፣ ሲስተም አፕዴት የሚል አፕ ቁጭ ብሏል፣ አክሰሰቢሊቲውን ነጠቅኩት፣ ዲቫይስ አድሚን (ስልኩን የማስተዳደር ፈቃድ) ውስጥም ገብቶ ነበር ከዛም አወጣሁት፣ ያኔ አጥፋው ስለው ጠፋ። ፓስወርዶቿን በሙሉ የቀየርነው በሌላ ስልክ ነው፣ ባንኳም ጋ በሌላ ስልክ ደውለን አሳወቅን፣ ይሄን ሳያደርጉ አፑን ብቻ አጥፍቶ መቀመጥ ትልቅ ስህተት ነው ምክንያቱም የተነበበው ፓስወርድ አንዴ ወጥቷል።

ያንተ ግን ይሄ አይመስለኝም። ማስታወቂያ ፊት ለፊት የሚያወጣ ራሱን እያሳየ ነው፣ የባንክ ትሮጃን ደግሞ መታየት አይፈልግም። መጀመሪያ ማስታወቂያው የሚመጣው እንደ ኖቲፊኬሽን ከሆነ አፕ ላይሆንም ይችላል፣ የሆነ ሳይት ላይ አላው (Allow፣ ፍቀድ) የሚለውን ነክተህለት ይሆናል፣ ብራውዘርህ ሴቲንግ ውስጥ ኖቲፊኬሽን የሚለው ጋ የማታውቃቸውን ሳይቶች በሙሉ አጥፋቸው፣ አንቲቫይረስህ ያላገኘውም ለዛ ሊሆን ይችላል፣ የሚያገኘው ፋይል የለማ። ስክሪኑን ሙሉ የሚሸፍን ከሆነ ግን አፕ ነው፣ ማስታወቂያው እንደመጣ ሳትዘጋው የቅርብ አፖችን የሚያሳየውን በተን ንካ፣ ብዙ ጊዜ የትኛው አፕ እንዳመጣው አይኮኑ ይታያል። ካልታየ ከሌሎች አፖች በላይ መታየት የሚለው ፐርሚሽን ለማን እንደተሰጠ እይ፣ የባትሪ መብራት ወይም ፎቶ ማሳመሪያ እዛ ምን ይሰራል? እሱን አጥፋ።

አንቲቫይረስ ምንም አላገኘም ስላልከው፣ እኛ ጋ ዊንዶው ፒሬድ የሚባል አለ፣ ሰው ኤችአይቪ ተይዞ ሰውነቱ አንቲቦዲ እስኪሰራ ሳምንታት ስለሚወስድ በዛ መሃል የአንቲቦዲ ምርመራ ኔጌቲቭ ይላል። አንቲቫይረስም በብዛት የሚፈልገው የሚያውቀውን ምልክት ነው፣ አዲስ የተቀየረ ኮድ ከመጣ ስሙ መዝገቡ ላይ እስኪገባ ያልፈዋል። ሁለት ሶስት አንቲቫይረስ መደራረብ ደግሞ ስልኩን ያዘገየዋል እንጂ አይረዳህም፣ እባክህ አንዱን ብቻ አስቀር፣ ከማስታወቂያ ሊንክ ላይ የጫንከው ካለ ቀድመህ እሱን አውጣው።

ፎርማት ላድርገው ወይ ለምትሉት፣ አብዛኛውን ያጠፋዋል፣ ሁሉንም ግን አይደለም። ጉድፍ የያዘው ልጅ ይድናል፣ ቫይረሱ ግን ሄርፔስቪሪዴ ስለሆነ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ይቀርና ከስንት አመት በኋላ አልማዝ ባለጭራ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ስልክ ላይም ኤክስሄልፐር የሚባለው በ2019 ብዙ ሰው ያስለቀሰው እንደዛ ነው፣ ሲስተሙ ውስጥ ስለሚገባ ፎርማት ተደርጎም ይመለስ ነበር፣ እንዲህ አይነቱ የሚለቀው የስልኩ ሶፍትዌር ራሱ ከኦሪጅናሉ እንደ አዲስ ሲጫን ነው። አንዳንዴ ደግሞ ፎርማት ካደረጉ በኋላ ባክአፑን ሲመልሱ ያንኑ ኤፒኬ (የአፕ መጫኛ ፋይል) አብረው ይመልሱታል። ፎቶና ኮንታክት ብቻ መልስ፣ አፖቹን ከስቶር አንድ በአንድ ጫን።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ኖቲፊኬሽኑን አጥፋና ስልኩን በሴፍ ሞድ አንድ ሰአት ያህል ተጠቀምበት። በሴፍ ሞድ ማስታወቂያው ከጠፋ ጥፋቱ ከጫንካቸው አፖች አንዱ ላይ ነው፣ የአፖቹን ዝርዝር ስክሪንሾት አንስተህ እዚሁ ላክልኝ። በሴፍ ሞድም ከመጣ የስልኩን ሞዴልና የአንድሮይዱን ቨርዥን ጻፍልኝ፣ ያኔ የምንሄድበት መንገድ ሌላ ነው።