ጉብዝና ከዘር ነው ወይስ ከአስተዳደግ? የጅማ ወላጆችና ተማሪዎች ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ ሥነ ሕይወት አስተምራለሁ። የፈተና ውጤት በተነገረ ቁጥር ወላጆች መንገድ ላይ ያስቆሙኝና «መምህር፣ ተፈጥሮው ይሆን?» ይሉኛል። ሰሞኑን በዚሁ ጉዳይ የልባችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የመጡልኝን ከነመልሳቸው እነሆ።

ጥያቄ (የሦስት ልጆች እናት፣ ከመርካቶ)፦ ባለቤቴ በሁለተኛው ልጃችን ውጤት በተናደደ ቁጥር «ዘር ከልጓም ይስባል፤ በእናቱ ወገን ወጣ» ይላል። አእምሮ ከእናት ብቻ ይወረሳል ሲባልም ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ እህቴ። ልጅ ዘረመሉን ከእናትም ከአባትም ይወስዳል። ወሬው የተነሣው ወንድ ልጅ ኤክስ የተባለውን ክሮሞሶም (ዘረመሎችን ከያዙት ክሮች አንዱን) ከእናቱ ብቻ ስለሚያገኝ ነው። ከማሰብ ችሎታ ጋር የተያያዙት የዘረመል ልዩነቶች ግን በብዙ ክሮሞሶሞች ላይ የተበተኑ፣ ቁጥራቸው የበዛ፣ የእያንዳንዳቸውም ድርሻ እጅግ ያነሰ ነው። በ2018 (እ.ኤ.አ.) የወጣ፣ 269 ሺህ ያህል ሰዎችን ያካተተ ጥናት 205 የዘረመል ሥፍራዎችን ለይቷል፤ ብቻውን «የጉብዝና ዘረመል» ሊባል የሚችል አንድም አልተገኘም። ወንድማማቾች ከሚለያዩበት ዘረመል የሚጋሩት በአማካይ ግማሹን ስለሆነ፣ በአንድ ቤት ያደጉ ሦስት ልጆች ሦስት ዓይነት ቢሆኑ የሚያስደንቅ አይደለም። ያ ንግግር ልጁ በሚሰማበት እንዳይነገር ባለቤትዎን አጥብቀው ይለምኑልኝ።

ጥያቄ (የ11ኛ ክፍል ተማሪ)፦ ከአእምሮ ልዩነት 50 በመቶው የዘር ነው ሲባል፣ ከእኔ ጉብዝና ግማሹ ከወላጆቼ፣ ግማሹ ከጥናቴ መጣ ማለት ነው?

መልስ፦ ይህን ስሕተት ብዙ የተማሩ ሰዎችም ይሳሳቱታል፤ ስለዚህ ቀስ ብዬ ላስረዳሽ። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ አንቺ ሳይሆን በአንድ ሕዝብ ውስጥ፣ በሰውና በሰው መካከል ስላለው ልዩነት ነው። አገራችን የቡና አገር ናትና በቡና ልንገርሽ። ከጫካ የተለያየ ዘር ያላቸውን ችግኞች ለቅመሽ በአንድ አፈር፣ በአንድ ጥላ፣ በእኩል ውሃ ብታሳድጊያቸው፣ በመካከላቸው የሚታየው የቁመት ልዩነት ሁሉ ከዘር ነው። የዘር ድርሻው 100 በመቶ ሆነ። አሁን ደግሞ መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣውን 74110 የተባለ የቡና ዝርያ ብቻ ውሰጂ። ቡናችን በአብዛኛው በራሱ የአበባ ብናኝ ስለሚራባ የአንድ ዝርያ ችግኞች እንደ መንትያ ይመሳሰላሉ። ግማሹን ብስባሽ በጠገበ አፈር፣ ግማሹን በተራቆተ ተዳፋት ብትተክዪ ልዩነቱ ሁሉ ከቦታው ይመጣል፤ የዘር ድርሻው ወደ ዜሮ ወረደ። ቡናው ግን ያው ቡና ነው! የተለወጠው ያደገበት ሁኔታ ብቻ ነው።

በሰው ላይ ይህ የሚለካው በመንትዮች ነው። ከአንድ እንቁላል የተገኙት ዘረመላቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ከሁለት እንቁላል የተገኙት ግን እንደ ማንኛውም ወንድማማች ናቸው። የፊተኞቹ ከኋለኞቹ አብልጠው ከተመሳሰሉ ዘር ድርሻ አለው ይባላል። በበለጸጉ አገሮች ይህ ድርሻ በሕፃንነት 20 በመቶ ገደማ፣ በጉልምስና 60 በመቶና ከዚያም በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ሰው ሲያድግ የሚያነበውንም የሚውልበትንም ራሱ መምረጥ ስለሚጀምር ነው ተብሎ ይታሰባል። በ2003 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የአሜሪካ ጥናት ግን በድሃ ቤት በሚያድጉ የሰባት ዓመት መንትዮች ዘንድ የዘር ድርሻ ወደ ዜሮ ተጠግቶ አግኝቶታል፤ በባለጸጎቹ ዘንድ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር። በአውሮፓ የተካሄዱት ተመሳሳይ ጥናቶች ይህን ያህል ልዩነት አላዩም። እኔ ግን ያንን የተራቆተ ተዳፋት ሳስብ የአሜሪካው ውጤት አይገርመኝም።

ጥያቄ (የእርሷው ወንድም)፦ አንዱ ሕዝብ ከሌላው በተፈጥሮው ይበልጣል የሚሉትስ ከዚሁ ቁጥር ተነሥተው አይደለም?

መልስ፦ ከዚሁ ነው፤ የሚስቱትም እዚሁ ላይ ነው። ያንኑ የጫካ ድብልቅ ዘር ለሁለት ከፍለህ አንዱን በለማ መደብ፣ ሌላውን በደከመ መደብ ዝራው። በእያንዳንዱ መደብ ውስጥ ልዩነቱ በሙሉ ከዘር ነው፤ በሁለቱ መደቦች መካከል ያለው ልዩነት ግን በሙሉ ከአፈሩ ነው። በአንዱ መደብ ውስጥ የተለካ ቁጥር በመደቦቹ መካከል ስላለው ልዩነት ምንም ሊነግርህ አይችልም።

ጥያቄ (ከሰቃ ጨቆርሳ)፦ በመንደራችን እንቅርት ያለባቸው ሴቶች አሉ። ይህ የልጆችን አእምሮ ይነካል?

መልስ፦ ይነካል፤ ዛሬ ከመጡት ጥያቄዎች ሁሉ የማይታለፈው ይህ ነው። እንቅርት ብዙ ጊዜ የአዮዲን እጥረት ምልክት ነው። በማኅፀን ያለው ልጅ አንጎል የሚያድገው ከእናቱ የእንቅርት ዕጢ በሚወጣ ሆርሞን ሲሆን፣ ያ ሆርሞን ያለ አዮዲን አይሠራም። እጥረቱ በጠናባቸው አካባቢዎች የሚያድጉ ልጆች በአእምሮ መለኪያ (የሕዝብ አማካይ 100 ነጥብ በሆነበት) በአማካይ ከ10 ነጥብ በላይ ዝቅ ብለው ተገኝተዋል። አዮዲን ያለው ጨው ይግዙ፤ ከድነው ከፀሐይና ከእርጥበት ያርቁት፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨምሩት፤ አለበለዚያ አዮዲኑ በንኖ ይቀንሳል። ቡና በጨው ለሚጠጣም እንዲሁ ነው፦ ጨውን በጀበናው ሳይሆን በሲኒው ላይ። እንቅርት ያለባቸውን ሴቶች፣ በተለይ ነፍሰ ጡሮችን፣ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱልኝ።

ጥያቄ፦ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሹን ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህ ትውልድ አእምሮ ደክሟል?

መልስ፦ ዘር በአንድ ዓመት አይለወጥም። በዚያ ዓመት የተለወጠው ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ፣ በጥብቅ ቁጥጥር መሰጠቱ ነው። ውጤቱ ያጋለጠው ትምህርቱን እንጂ አእምሯቸውን አይደለም። አንድ መጽሐፍ ለአራት ሲያነቡ በዓይኔ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ በቤት የሚናገረው አፋን ኦሮሞ ነው። በአማርኛ ተፈትኖ «አእምሮው ዝቅተኛ ነው» ተባልኩ።

መልስ፦ የለኩት አማርኛውን ነው። በራሱ ቋንቋ እንደገና ይፈተን። በ1905 (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያውን መለኪያ ፓሪስ ላይ ያዘጋጁት አልፍሬድ ቢኔና ቴዎዶር ሲሞን እንኳ ዓላማቸው ተጨማሪ እገዛ የሚያሻቸውን ልጆች መለየት እንጂ በልጅ ላይ ማኅተም መምታት አልነበረም።

ጥያቄ (የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ አባት)፦ ወላጆቹ ሞተውበት ተርቦና አንደበቱ ታስሮ ነው ወደ እኔ የመጣው። አሁን ስድስት ዓመት ሞላው። ጊዜው አልፎበት ይሆን?

መልስ፦ አላለፈበትም፣ አባቴ። ፈረንሳይ ውስጥ ተጥለውና ተጎድተው ከቆዩ በኋላ ከ4 እስከ 6 ዓመታቸው በጉዲፈቻ የተወሰዱ ልጆች ተጠንተው ነበር። ከመወሰዳቸው በፊት በአእምሮ መለኪያው አማካያቸው 78 ገደማ ነበር። በ13 ዓመታቸው ገደማ ሲለኩ በድሃ ቤት ያደጉት 85፣ በደህና ቤት ያደጉት 98 ገደማ ደርሰዋል። ቀድሞ መጀመር ይሻላል፤ በሩማንያ የሕፃናት ማሳደጊያዎች በተደረገው ጥናት ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ወደ ቤተሰብ የገቡት ናቸው ይበልጥ ያገገሙት። የእርስዎ ልጅ ግን ገና ብዙ ይቀረዋል። በቅድሚያ ጆሮውንና ዓይኑን ያስመርምሩት፤ ሳይሰሙ «አይገባውም» የተባሉ ልጆች አጋጥመውኛል። ማታ ማታ ተረት ይንገሩት፤ እንዲመልስልዎም ይጠብቁት። ለመስከረም ያስመዝግቡት፤ አንድ ተጨማሪ የትምህርት ዓመት ብቻውን ከ1 እስከ 5 ነጥብ እንደሚጨምር በብዙ መቶ ሺህ ሰዎች ላይ ታይቷል። ንባብ ሲጀምር ይዘውት ይምጡ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔ አስነብበዋለሁ።