በአገር አቋራጭ አውቶቡስና በአካባቢ ማመላለሻ ለሚጓዙ፦ ጥያቄና መልስ

ባቡር በማይደርስበትና አውሮፕላን በማያርፍበት ቦታ ሁሉ መንገደኛ የሚደርሰው በአገር አቋራጭ አውቶቡስ፣ ከዚያም ከመናኸሪያው ወዲያ በሚቀጥሉት ሚኒባሶችና ሰርቪሶች ነው። በማያውቁት አገር በእነዚህ ተሽከርካሪዎች ለመጓዝ የሚያስቡ ሰዎች ያቀረቧቸውን ጥያቄዎች፣ ተመሳሳዮቹን እያጣመርኩ፣ እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ሁለትና ሦስት ጊዜ መኪና መቀየር የሚጠይቅ ጉዞ አለኝ። ዕቅዱን ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከመጨረሻው ይጀምሩ። አብዛኛው ሰው በቅድሚያ የሚያጣራው ከትልቁ ከተማ የሚነሳውን አውቶቡስ ነው፤ ነገር ግን በሁለት ትልልቅ ከተሞች መካከል የሚመላለስ አውቶቡስ ቢያመልጥዎ ሌላ የማግኘት ዕድልዎ ሰፊ ሲሆን፣ ከትንሿ ከተማ ወደ ሐይቁ፣ ወደ ተራራው ወይም ወደ ገጠር መንደሩ የምትወስደው ማመላለሻ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ የምትነሳ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ በመጀመሪያ የዚህችን የመጨረሻ ተሽከርካሪ የመነሻ ሰዓት ያጣሩ፤ ከዚያ በፊት ያለውን ጉዞ ሁሉ ከእርሷ ወደ ኋላ እየቆጠሩ ያሰናዱት። እኔ ዘወትር የምመክረው፣ የዕለቱን የመጨረሻ ተሽከርካሪ እንደሌለች ቆጥሮ አንድ ቀድማ በምትነሳው ላይ ማቀድን ነው፤ የመጨረሻዋ የምትፈለገው መንገድ ላይ ጎማ ሲፈነዳ ወይም ዝናብ ሲያዘገይ ነው። ሰዓቱ በዚህ መልክ አልገጣጠም ካለ በመቀየሪያዋ ከተማ አድሮ በማግስቱ ጠዋት መቀጠል ይሻላል።

የጊዜ ሰሌዳ ሲያነቡ ከሰዓቱ ይልቅ ቀኑን በጥንቃቄ ይመልከቱ። በብዙ የአውሮፓ ገጠሮች የአካባቢ አውቶቡሶች የተማሪዎችን የትምህርት ቀን ተከትለው ስለሚሠሩ፣ በሰሌዳው ጥግ በምልክት የተቀመጠች ማስታወሻ «በትምህርት ቀናት ብቻ» የምትል ልትሆን ትችላለች፤ ያቺን ምልክት ያላየ ሰው በእረፍት ወራት ባዶ ፌርማታ ላይ ቆሞ ይውላል። በእሑድና በበዓል ቀን አገልግሎቱ የሚቀንስባቸው፣ በገበያ ቀን ደግሞ የሚበዛባቸው ቦታዎችም አሉ።

ጥያቄ፦ ስልኬ ላይ ያለው ካርታ ወደምሄድበት ቦታ የሕዝብ ትራንስፖርት እንደሌለ ያሳየኛል። ልመነው?

መልስ፦ አይመኑት። በስልክ ካርታዎች ላይ የምናየው የአውቶቡስ መስመርና ሰዓት፣ አገልግሎት ሰጪዎቹ ራሳቸው በአንድ ወጥ የመረጃ ቅርጽ አዘጋጅተው የሚያቀርቡት ነው። ይህ ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ2005 አካባቢ በአሜሪካዋ ፖርትላንድ ከተማ የትራንስፖርት ድርጅትና በጉግል ትብብር የተጀመረ ሲሆን፣ ቋሚ የጊዜ ሰሌዳና መረጃውን የሚያዘጋጅ መሥሪያ ቤት መኖሩን ታሳቢ ያደርጋል። የግል ባለንብረቶች የሚያሰማሯቸውና ሲሞሉ የሚነሱ ሚኒባሶች ግን ይህ ሁሉ የላቸውም። በናይሮቢ ለምሳሌ በየቀኑ እጅግ ብዙ ሕዝብ የሚያመላልሱት፣ ማታቱ የሚባሉት ሚኒባሶች የተሟላ የመስመር ካርታ ያገኙት፣ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ተማሪዎች በስልክ እየተከታተሉ መስመሮቹን መዝግበው እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ ካደረጉት በኋላ ነው። ስለዚህ ካርታው ዝም ማለቱ መኪና የለም ማለት አይደለም።

የተሻለው ምንጭ ሰው ነው፤ ይኸውም የመናኸሪያው ትኬት ቆራጭ፣ የሚያርፉበት ቤት ባለቤት፣ በፌርማታው አጠገብ ሱቅ ያለው ነጋዴ። አጠያየቁም ለውጥ ያመጣል። «አውቶቡስ አለ?» ብለው ከጠየቁ «አለ» ከሚል መልስ በቀር ብዙ አያገኙም፤ «ከየት ቦታ ይነሳል? የመጨረሻው በስንት ሰዓት ነው? የሚመለሰውስ የት ይቆማል?» ብለው ይጠይቁ፣ መልሱንም በሁለተኛ ሰው ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ትኬት ይዤ የተሳሳተ መናኸሪያ እንዳልሄድ እሰጋለሁ።

መልስ፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው። ብዙ ትልልቅ ከተሞች መናኸሪያቸውን በአቅጣጫ ከፋፍለዋል። ሜክሲኮ ሲቲ በሰሜን፣ በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ አራት ዋና ዋና የአውቶቡስ መናኸሪያዎች አሏት። በባንኮክ ወደ ሰሜን የሚሄዱ አውቶቡሶች በዋናነት ከሞ ቺት፣ ወደ ምሥራቅ የሚሄዱት ከኤካማይ፣ ወደ ደቡብ የሚሄዱት ከሳይ ታይ ማይ ይነሳሉ። ኢስታንቡል ደግሞ በአውሮፓው ክፍል ኤሰንለር፣ በእስያው ክፍል ሃረም አሏት፤ በተሳሳተው የባሕር ወሽመጥ ዳርቻ የተገኘ መንገደኛ በትራፊክ መጨናነቅ ሰዓት ወደ ሌላው መድረሱ ያጠራጥራል። ትኬት ሲቆርጡ የከተማውን ስም ብቻ ሳይሆን የመነሻውንም የመድረሻውንም መናኸሪያ ስም ያጽፉ። አንዳንድ የአውቶቡስ ድርጅቶች፣ በተለይ በቱርክ፣ ከመሐል ከተማ ወደ መናኸሪያ የሚያደርስ ሰርቪስ ስለሚያዘጋጁ ይህንንም አብረው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሲሞላ የሚነሳ ሚኒባስ ውስጥ ምን ያህል ልጠብቅ? ክፍያውስ መቼ ነው?

መልስ፦ የሚጠብቁት ጊዜ የሚወሰነው በሚሄዱበት ሰዓት ነው። ሰው ወደ ሥራና ወደ ገበያ በሚንቀሳቀስበት ማለዳ ሚኒባስ ቶሎ ይሞላል፤ ከቀትር በኋላ ግን ሰዓታት ሊያስቆጥር ይችላል። ሁለት መኪኖች ቆመው ሁለቱም ወዲያው እንደሚነሱ ቢነገርዎ፣ ሻንጣቸውን የያዙ እውነተኛ ተጓዦች ወደተቀመጡበት ይግቡ፤ በአንዳንድ ቦታ መኪናው የሞላ እንዲመስል ረዳቶችና ጓደኞቻቸው ወንበር ይዘው እንደሚቆዩ ልብ ይበሉ። ሻንጣዎ ከጣሪያ ላይ ከታሰረ በኋላ ሐሳብ መቀየር ስለሚያስቸግር፣ መኪናውን ሳይመርጡ ዕቃዎን ለማንም አይስጡ። አንድ ወይም ሁለት ወንበር ብቻ ጎድሎ ሁሉም ሰው ሲጠብቅ፣ ተሳፋሪዎች የባዶውን ወንበር ሒሳብ ተካፍለው ከፍለው ማስነሳት ይችላሉ፤ ይህንን ከማቅረብ አይፈሩ።

ክፍያን በተመለከተ፣ ትኬት የማይሰጡበት ቦታ ከሆነ መኪናው ከተንቀሳቀሰ በኋላ፣ አጠገብዎ ያሉት ተሳፋሪዎች ሲከፍሉ ይክፈሉ፤ ከእነርሱ አንዱን ዋጋውን አስቀድሞ መጠየቅ ከረዳቱ ጋር ከመከራከር ይቀላል። አከፋፈሉ ከአገር አገር እጅግ ይለያያል። በጃፓን በብዙ የአካባቢ አውቶቡሶች በመካከለኛው ወይም በኋላው በር ገብተው ቁጥር ያለበት ወረቀት ይወስዳሉ፤ ከሹፌሩ በላይ ያለው ሰሌዳ በዚያ ቁጥር ትይዩ የሚያሳየውን ሒሳብ በፊተኛው በር ሲወርዱ ይከፍላሉ። የለንደን ከተማ አውቶቡሶች በአንጻሩ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም። ስለዚህ ዝርዝር ገንዘብም የባንክ ካርድም ይያዙ።

ጥያቄ፦ መኪና ያቅለሸልሸኛል። የትኛው ወንበር ይሻለኛል?

መልስ፦ ፊት ለፊት ያለው ወንበር ይሻላል። ማቅለሽለሹ የሚመጣው የውስጥ ጆሮ እንቅስቃሴ ሲሰማው ዓይን ግን የቆመ ነገር ሲያይ ነው፤ ስለዚህ መንገዱንና አድማሱን አሻግሮ ማየት ይረዳል፣ ስልክ ማንበብ ደግሞ ያባብሳል። ፊት ካልተገኘ፣ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል የሚገኘው የመኪናው ወገብ ንጠቱ አነስተኛ ነው። ከኋላ ጎማ በላይና ከእርሱም ወዲያ ያሉት ወንበሮች እጅግ ያንገላታሉ። እንደ ዲሜንሃይድሪኔት ያሉ መድኃኒቶች የሚሠሩት ከጉዞው ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ቀደም ብለው ሲወሰዱ ሲሆን፣ እንቅልፍ ስለሚያመጡ መቀየሪያ ፌርማታዎ እንዳያመልጥዎ ይጠንቀቁ፤ የፋርማሲ ባለሙያም ያማክሩ።

ጥያቄ፦ ሻንጣዬስ?

መልስ፦ ከታች በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ፓስፖርት፣ ገንዘብ፣ መድኃኒትና ስልክ አይኑር፤ እነዚህ በሰውነትዎ ላይ ወይም ጭንዎ ላይ ይሁኑ እንጂ ከራስ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይም አያስቀምጧቸው። መለያ ቁጥር ከተሰጠዎ ፎቶ ያንሱት።

ጥያቄ፦ የሌሊት አውቶቡስ የማደሪያ ወጪ ይቀንስልኛል። ይመክሩታል?

መልስ፦ በሁኔታው ይወሰናል፤ እኔ የምመዝነው በሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው የሹፌሩ ድካም ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ አንድ ሹፌር አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ ማረፍ አለበት፣ በቀን የሚነዳውም በመደበኛው ከ9 ሰዓት አይበልጥም። እንዲህ ያለ ገደብ በማይከበርበት መንገድ ላይ የሌሊት ጉዞ አደገኛ ነው፤ ቢያንስ ተቀያያሪ ሁለት ሹፌሮች መኖራቸውን ሳይጠይቁ አይሳፈሩ፣ የደኅንነት ቀበቶ ካለም ተኝተውም ቢሆን ይሰሩት። መንገዱ ጠመዝማዛና ገደላማ ከሆነ ቁጠባው ይቅርና ቀን ይጓዙ እላለሁ።

ሁለተኛው የመድረሻው ሰዓት ነው። ገና ሳይነጋ የሚያወርድዎ አውቶቡስ፣ ቀጣዩ ሚኒባስ እስኪጀምር ድረስ መናኸሪያ ውስጥ ያስቀምጥዎታል። መናኸሪያው ሌሊት የሚዘጋ ከሆነ ይህ ትልቅ ችግር ነው፤ ስለዚህ ዘግይቶ የሚነሳውን አውቶቡስ ይምረጡ። ከዚህ ጋር አብሮ የሚነሳ ነገር አለ፦ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ባደረገው ጥናት መሠረት ለአራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይንቀሳቀሱ ተቀምጦ መጓዝ፣ በአውቶቡስም ይሁን በአውሮፕላን፣ በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት ዕድልን በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። ለጤነኛ ሰው ዕድሉ በራሱ አነስተኛ ቢሆንም፣ በየማረፊያው ወርዶ መራመድን እንደ ግዴታ ይያዙት።

ጥያቄ፦ አውቶቡሱ ዘግይቶ ቀጣዩ ቢያመልጠኝ የሚክሰኝ አለ?

መልስ፦ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለ ደንብ አለ። ደንቡ በዋናነት የሚመለከተው 250 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚሸፍኑ መደበኛ መስመሮችን ሲሆን፣ አውቶቡሱ ከመነሻው ከሁለት ሰዓት በላይ ከዘገየ ወይም ከተሰረዘ፣ ተሳፋሪው ገንዘቡን ከማስመለስ ወይም በሌላ መንገድ ወደ መዳረሻው ከመሄድ የመምረጥ መብት አለው፤ ድርጅቱ ይህን ምርጫ ካላቀረበ የትኬቱን ዋጋ ግማሽ ካሣ ይከፍላል። ትኬቶቹን ለየብቻ ከቆረጡ ግን የመጀመሪያው መዘግየት ሁለተኛውን ድርጅት አይመለከተውም። ስለሆነም ዋጋው ጥቂት ቢጨምርም መላውን መንገድ የሚሸፍን አንድ ትኬት ካለ እርሱን ይግዙ። ለሚኒባስ እንዲህ ያለ ዋስትና የለም፤ ዋስትናዎ በሁለቱ መካከል የተውት ሰዓት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ድንበር ላይ አውቶቡሱ ጥሎኝ ይሄዳል?

መልስ፦ ሊሄድ ይችላል። የሌሎቹ ተሳፋሪዎች ፍተሻ አልቆ የእርስዎ ከረዘመ ሁሉም ሹፌር አይጠብቅም። ከመውረድዎ በፊት ቪዛ ድንበሩ ላይ እንደሚያስፈልግዎ ለረዳቱ ይንገሩ፣ የሰሌዳ ቁጥሩን ይመዝግቡ፣ የእጅ ቦርሳዎን ይዘው ይውረዱ። ወዲያ ማዶ አውቶቡሱ የሚቆምበትን ቦታም አስቀድመው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ፌርማታ በሌለው የገጠር መንገድ ላይ መውረጃዬን እንዴት አውቃለሁ? ስመለስስ?

መልስ፦ ሲገቡ ለሹፌሩ ወይም ለረዳቱ ስሙን በአካባቢው ፊደል ጽፈው ያሳዩ፣ አጠገብዎ ለተቀመጠው ሰውም ይንገሩ፤ ረዳት ሊረሳ ይችላል፣ ጎረቤት ግን አይረሳም። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ካርታ ቀድመው አውርደው መንገዱን ይከታተሉ። ለመመለስ የሚያስፈልግዎትን መረጃ የሚሰበስቡት ከመውረድዎ በፊት ነው፤ ያ ሹፌር ማምሻውን የሚመለሰው እርሱ ራሱ ሊሆን ስለሚችል፣ በስንት ሰዓት በዚያ ቦታ እንደሚያልፍና በየትኛው የመንገዱ ዳር መቆም እንዳለብዎ ይጠይቁት፤ እንደሚጠብቁት ከነገሩትም ወንበር ሊይዝልዎ ይችላል።