መልስ፦ ስንዴ ካቆሙ በኋላ የግሉተን ምርመራ

ሰላም። ስንዴ ከተዉ ሦስት ሳምንት ሆኖዎት የሆድ መነፋቱ ስለቀለለ «አሁን ብመረመር ይታወቃል ወይ?» ብለዋል። አሁን ቢመረመሩ ውጤቱ ሊያሳስትዎ ይችላል። ሴሊያክ ግሉተን የተባለው የስንዴ ፕሮቲን ሲበላ ሰውነት የራሱን ትንሽ አንጀት የሚያጠቃበት በሽታ ነው። የደም ምርመራው የሚፈልገው ግሉተን ሲበላ የሚመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ግሉተን ሲቀር እሱም እየቀነሰ ይሄዳል።

ስለዚህ በቀን ሁለት ቁራጭ ያህል የስንዴ ዳቦ ለ6-8 ሳምንት በልተው ይመርመሩ። በበሉ በደቂቃዎች ውስጥ ከንፈር የሚያብጥ ወይም ትንፋሽ የሚያጥር ከሆነ ግን እንዳይሞክሩት! ያ የስንዴ አለርጂ ሊሆን ይችላል፤ ምርመራውም ሌላ ነው።

የሚጠይቁት ቲቲጂ አይጂኤ የሚባለውን የደም ምርመራ ነው፤ ጠቅላላ የአይጂኤ (አንዱ የፀረ እንግዳ አካል ዓይነት) መጠንም አብሮ ይለካ። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይሄ ነው፦ አይጂኤ በተፈጥሮው የሚያንሰው ሰው በሽታው እያለበትም የቲቲጂ ውጤቱ «ኔጌቲቭ» ሊል ይችላል። ያኔ በአይጂጂ (በሌላው የፀረ እንግዳ አካል ዓይነት) የሚሠራው ይታዘዛል። ፖዘቲቭ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቱቦ) ከትንሹ አንጀት ናሙና ይወሰዳል። ጉዳቱ አንዱን ቦታ ነክቶ ሌላውን ስለሚዘል አንድ ናሙና አይበቃም፤ ቢያንስ 4፣ ከዱዮዲነም (የትንሹ አንጀት የመጀመሪያ ክፍል) መነሻም 1 ወይም 2 ይጨመራል።

መብላቱን ጨርሶ ካልቻሉት የዘር ምርመራ አለ፤ አመጋገብ አይለውጠውም። ለሴሊያክ የሚያጋልጡት ዘረ መሎች ዲኪው2ም ዲኪው8ም ከሌሉ ሴሊያክ የለም ለማለት ይቻላል። ቢገኙ ግን ብዙ ጤነኛ ሰውም ስላላቸው ምንም አያረጋግጡም።

ሁሉም ኔጌቲቭ ሆኖ ስንዴ አሁንም ካስቸገረዎ፣ ጥፋተኛው ግሉተን ሳይሆን ስንዴ ውስጥ ያለው ፍሩክታን የሚባል ካርቦሃይድሬት ሊሆን ይችላል፤ እሱ ያለባቸው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም ይነፉዎት እንደሆነ ልብ ይበሉ። «የማይስማማዎትን ምግብ በሙሉ እንነግርዎታለን» ለሚሉት የአይጂጂ ምርመራዎች (ከላይ ካለው የሴሊያክ ምርመራ የተለዩ ናቸው) ገንዘብ አያውጡ።